ሲሻር የሚበላ ሹም

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምትለዋን ተረት የማያውቅ የለም። ባለሥልጣን ስናማ እንጠቅሳታለን። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ምክር ይወስዳታል። እኔን ሰሞኑን ያሳሰበኝ ግን የተረቷ ሒሳብ አያያዝ ነው። ተረቷ የሰውን ዕድሜ ለሁለት ትከፍለዋለች፤ የሹመት ዘመንና የሽረት ዘመን። ማዕዱ ያለው በሹመቱ ዘመን ነው። ሽረት ሲመጣ ገበታው ይነሳል፣ ደጅ ጠኚው ይበተናል፣ ሰውየውም ቤቱ ቁጭ ብሎ «ምነው ያኔ በበላሁ!» ይላል።

የዘመኑ ዓለም ይቺን ተረት ገልብጧታል። ሹመቱ ላይ አንዲት ሳንቲም ሳይነካ፣ እጁ ንጹሕ ሆኖ፣ ተመስግኖና ተጨብጭቦለት ወጥቶ፣ ከወጣ በኋላ የሚበላ ሹም መጥቷል። ሲሾም አልበላም፤ ሲሻርም አልቆጨውም። እንግዲህ ይህን ሰው ምን እንበለው? ሌባ እንዳንለው አልሰረቀም። ጉቦኛ እንዳንለው ማንም ምንም አልሰጠውም። ጻድቅ እንዳንለው ደግሞ አንድ የሚጎረብጥ ነገር አለ። የዛሬው ጨዋታችን ይህ የሚጎረብጥ ነገር ምን እንደሆነ መፈለግ ነው።

ነገሩን በደፈናው ከማውራት አንድ የታወቀ ሰው ታሪክ ይዘን ብንሄድ ይሻላል። ሰውየው አሜሪካዊው ሮበርት ሩቢን ናቸው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ ስለ አገራችን ካነሳሁት በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሩቢን የተወለዱት በ1938 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። በሃርቫርድና በዬል ተምረው ጥቂት ጊዜ በጥብቅና ከሠሩ በኋላ በ1966 ጎልድማን ሳክስ የተባለው ኢንቨስትመንት ባንክ ገቡ። እዚያ 26 ዓመት ሠርተው ከሁለቱ የበላይ ኃላፊዎች አንዱ እስከ መሆን ደረሱ። በመጨረሻው ዓመት ገቢያቸው ከ25 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደነበረ ተጽፏል። በ1993 ያንን ትተው ፕሬዚዳንት ክሊንተን ጋ ገቡ፤ መጀመሪያ በቤተ መንግሥቱ የኢኮኖሚ ምክር ቤት ዳይሬክተርነት፣ ከጃንዋሪ 1995 ጀምሮ ደግሞ በገንዘብ ሚኒስትርነት። የሚኒስትር ደመወዝ ያን ጊዜ በዓመት 150 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ስለዚህ «ሰውየው ለገንዘብ ብለው ተሾሙ» የሚል ካለ መደመርና መቀነስ የማያውቅ መሆን አለበት።

ሥራቸውንም ቢሆን አሳምረው ሠሩ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ የሜክሲኮ ገንዘብ ወድቆ አገሪቱ ዕዳዋን መክፈል ሊያቅታት ደርሶ ነበር። ኮንግረሱ ገንዘብ ለመፍቀድ አልፈለገም። ክሊንተንና ሩቢን የምንዛሪ ማረጋጊያ ከሚባለው ፈንድ እስከ 20 ቢሊዮን ዶላር ለማበደር ወሰኑ። ሜክሲኮ በጃንዋሪ 1997 ከጊዜው ቀድማ ከፍላ ጨረሰች፤ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ አተረፈ። (የሜክሲኮ ሕዝብ ግን በ1995 ኢኮኖሚው 6 በመቶ ያህል ቀንሶበት ከባድ ዓመት አሳልፏል፤ ይህም መረሳት የለበትም።) በ1998 የአሜሪካ በጀት ከ1969 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርፍ አሳየ። በፌብሩዋሪ 1999 ታይም መጽሔት ሩቢንን ከማዕከላዊ ባንኩ ሊቀ መንበር ከአለን ግሪንስፓንና ከምክትላቸው ከላሪ ሰመርስ ጋር ሽፋኑ ላይ አውጥቶ ዓለምን የሚያድን ኮሚቴ ብሎ ሰየማቸው። መቼም አንድ የገንዘብ ሚኒስትር ከዚህ በላይ ምን ሊባል ይችላል!

አሁን ወደ ሽረቱ ዘመን እንለፍ። ግን ከዚያ በፊት ሹመቱ ላይ ሳሉ ከተደረጉት ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል።

አንደኛው፣ በ1998 ሲቲኮርፕ የተባለው ባንክና ትራቭለርስ የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ተዋሐዱ፤ ሲቲግሩፕ ተወለደ። ችግሩ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የነበረው ሕግ የሕዝብ ተቀማጭ የሚይዝ ባንክና በአክሲዮን የሚነግድ ቤት አንድ ጣሪያ ሥር እንዲኖሩ አለመፍቀዱ ነበር። አዲሱ ኩባንያ ሕጉ ካልተለወጠ የተጣመረውን መልሶ መፍታት ሊኖርበት ነው። ሩቢን ሕጉ እንዲለወጥ ይደግፉ ነበር። ሁለተኛው፣ በዚያው ዓመት ዴሪቫቲቭ የሚባሉ ውሎች ነገር ተነሣ። እነዚህ ዋጋቸው በሌላ ነገር ዋጋ ላይ የተንጠለጠለ፣ ከገበያ አዳራሽ ውጭ ሁለት ወገኖች ብቻ የሚዋዋሏቸው ውሎች ናቸው። የዚህ ዓይነቱን ገበያ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ወይዘሮ ብሩክስሊ ቦርን «ተቆጣጣሪ ያስፈልጋቸው እንደሆነ እንመርምር» የሚል ሰነድ አወጡ። ሩቢን፣ ግሪንስፓንና የአክሲዮን ገበያው ተቆጣጣሪ ባንድነት መግለጫ አውጥተው ተቃወሙ። ኮንግረሱም የሴትዮዋን እጅ አሰረ። ለሩቢን ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ በ2003 ባሳተሙት ትዝታቸው ስለ እነዚህ ውሎች እሳቸውም ስጋት እንደነበራቸው ጽፈዋል።

ሩቢን በጁላይ 1999 ከሹመት ወረዱ። የባንኩ ሕግ ጉዳይ በኮንግረሱ ስምምነት ላይ የተደረሰው በኦክቶበር ነው። ሩቢን ሲቲግሩፕ መግባታቸው የተነገረው በዚያው በኦክቶበር ነው። ሕጉ በኖቬምበር ተፈረመ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ከኩባንያው ያገኙት፣ የአክሲዮን መግዣ መብቱን ሳይጨምር፣ ከ115 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ማዕረጋቸው አማካሪነት ነበር። የዕለት ሥራ የመምራት ኃላፊነት እንዳይሰጣቸው የጠየቁት ራሳቸው ናቸው።

በ2007 መጨረሻ የቤት ብድሩ ጉድ ሲፈነዳ ሲቲግሩፕ ከተመቱት ግንባር ቀደሙ ሆነ። «ገዢ ካጣችሁ እኔው መልሼ እገዛችኋለሁ» ብሎ ቃል የገባባቸው 25 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጡ ወረቀቶች ተመልሰው መጡበት። በ2008 መንግሥት በሁለት ጊዜ 45 ቢሊዮን ዶላር አፈሰሰበት፤ ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለሚሆን ንብረቱም ዋስ ገባለት። ኩባንያው ከ50 ሺህ በላይ የሥራ ቦታ እንደሚቀንስ አስታወቀ። በማርች 2009 የአክሲዮኑ ዋጋ ከአንድ ዶላር በታች ወረደ። ሩቢን በጃንዋሪ 2009 ለቀቁ። በአፕሪል 2010 የቀውሱን መንስኤ የሚመረምረው ኮሚሽን ፊት ቀርበው፣ በፋይናንስ ዓለም የነበርን ሁሉ ማለት ይቻላል፣ እኔም ጭምር፣ አደጋውን ሳናይ ቀርተናል፤ በዚህም አዝናለሁ የሚል ቃል ሰጡ። እነዚያን 25 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጡ ወረቀቶችም ችግሩ እስኪመጣ ድረስ እንደማያውቋቸው ተናገሩ።

የታሪኩ አጽም ይኸው ነው። ጠላታቸው ሆኖ የሚያይ ሰው «ያው፣ ሕጉን አስለውጦ የሕጉን ተጠቃሚ ቤት ገባ» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ እንዲህ በቀላሉ አልዘጋውም። ሕጉ እንዲለወጥ ከሩቢን በፊትም ባንኮቹ ለዓመታት ጠይቀዋል፤ ድምፅ የሰጠውም ኮንግረሱ ነው። በዚያ ላይ የሕጉ መለወጥ ብቻውን ቀውሱን አመጣው ለማለት ያስቸግራል፤ እንደ ሌማን ብራዘርስ ያሉት የወደቁት ቤቶች በአሮጌውም ሕግ ቢሆን መኖር ይችሉ ነበር። ጉቦ አልነበረም፤ ወንጀል አልነበረም። ታዲያ ምንድን ነው የሚጎረብጠው?

አንድ ሹም ከወንበሩ ሲነሣ ይዞት የሚወጣውን ሻንጣ እስቲ እንፈትሽ። በውስጡ ሦስት ነገር አለ።

የመጀመሪያው ሙያው ነው። ሩቢን አደጋና ትርፍ መመዘን የተማሩት ጎልድማን ሳክስ ነው። ይዘውት መጥተዋል፣ ይዘውት ይሄዳሉ። ሐኪም ከጦር ሠራዊት ሲሰናበት ሕክምናውን በር ላይ አስረክብ አይባልም። ይህ የራሳቸው ነው፤ ቢሸጡትም፣ ቢያከራዩትም ማንም ቅር ሊለው አይገባም።

ሁለተኛው የሚያውቁት ነው፤ የትኛው ባለሥልጣን ምን እንደሚያስብ፣ መንግሥት ሲጨንቀው የትኛውን በር እንደሚከፍት። ይህ በሕዝብ ገንዘብና በሕዝብ ወንበር የተገኘ ነው። እንደ ወተት ግን ይበላሻል፤ ዓመት ሁለት ዓመት ካለፈው ዋጋ የለውም። ብዙ አገሮች «ከሹመት የወረደ ይህን ያህል ጊዜ ይቆይ» የሚል ደንብ የሚያወጡት ለዚህ ነው። ክሊንተንም በ1993 ሥራ በጀመሩበት ቀን ከፍተኛ ሹማምንት ከወረዱ በኋላ ለአምስት ዓመት የራሳቸውን መሥሪያ ቤት እንዳያግባቡ የሚያስገድድ ትእዛዝ ፈርመው ነበር። ያንኑ ትእዛዝ በ2000 መጨረሻ፣ ቤተ መንግሥቱን ሊለቁ ሳምንታት ሲቀራቸው፣ ራሳቸው ሻሩት። ገቢው ሲገባ የታሰረ በር፣ ወጪው ሲወጣ ተፈታ ማለት ነው።

ሦስተኛው ግን ከሁለቱ ይለያል። እሱም ስሙ ነው፤ አመኔታው። ይህ ሙያም አይደለም፣ መረጃም አይደለም። ሩቢን አንድ ቦታ ሲቀመጡ ቦታው የታመነ የሚመስለው፣ ስልክ ሲደውሉ ስልኩ የሚነሣው በምን ምክንያት ነው? በኖቬምበር 2001 ኤንሮን የተባለው የኃይል ኩባንያ ሊወድቅ ሲንገዳገድ፣ ሩቢን በፊት ይመሩት በነበረው የገንዘብ ሚኒስቴር ላሉ አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ደወሉ። ሲቲግሩፕ ለኤንሮን ካበደሩት ባንኮች አንዱ ነበር። ደረጃ አውጪ ድርጅቶቹ የኤንሮንን ደረጃ ለመቀነስ ጥቂት እንዲታገሡ ብታናግሯቸው ምን ይመስልሃል የሚል ሐሳብ አነሡ። ሰውየው «ጥሩ አይመስለኝም» አላቸው፤ ነገሩም እዚያው ቀረ። በኋላ የሴኔቱ ኮሚቴ መርምሮ ሕግ አልተጣሰም ብሏል። ባለሥልጣኑም የሚመሰገን ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ተራ የባንክ ሠራተኛ ያንን ስልክ ቢደውል ማን ያነሣለት ነበር? ስልኩን ያስነሣው የሩቢን ሙያ ሳይሆን ስማቸው ነው። ያንን ስም የሠሩት ብቻቸውን አይደለም፤ ሕዝቡ በሹመታቸው ዘመን አደራ ያስቀመጠባቸው ነው።

አደራ የምትለዋ ቃል እዚህ ጋ ትመጣለች። አደራ ስጦታ አይደለም፣ ደመወዝም አይደለም። አማርኛችን ስለ ሌባ ብዙ ተረት አለው፤ አደራ የበላን ግን ከሌባም አስብሶ ያየዋል። ሌባ የሚሰርቀው ያላመነውን ነው፤ አደራ በላ ያመነውን ነው የሚጎዳው። የሕዝብ አመኔታም አደራ ከሆነ፣ ሹሙ ከወንበሩ ሲነሣ አብሮት ይሄዳል እንጂ የሱ አይሆንም። ሊጠቀምበት ይችላል፤ ሕዝቡ እንዲጎዳበት ግን ሊያደርግ አይችልም። ቢጎዳበት ዕዳ አለበት።

እዚህ ላይ የሰውየው መከላከያ ይመጣል፤ እውነት ለመናገር ከተራ መከላከያ ከፍ ይላል። ሩቢን ዕድሜ ልካቸውን የሚከተሉት አንድ ፍልስፍና አላቸው፤ በዓለም ላይ እርግጠኛ ነገር የለም፣ ያለው ግምት ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ውሳኔ መመዘን ያለበት በተወሰነበት ጊዜ በነበረው አመዛዘን እንጂ በውጤቱ አይደለም ይላሉ። በደንብ የታሰበበት ውሳኔ በክፉ አጋጣሚ ሊከሽፍ ይችላል፤ የሞኝ ውሳኔም በዕድል ሊሳካ ይችላል። እኔ ይህን ሐሳብ እወደዋለሁ። አስተማሪ የነበረ ሰው መልሱን ብቻ ሳይሆን አሠራሩን አይቶ ነው ማርክ የሚሰጠው። በውጤት ብቻ የምንፈርድ ቢሆን ኖሮ ሎተሪ የደረሰው ሁሉ ብልህ ይባል ነበር።

ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። ውጤቱ ሲያምር ክፍያው በምንድን ነው የሚቆረጠው? በዎል ስትሪት ዓለም ጉርሻው የሚሰላው በአመዛዘን ጥራት ሳይሆን በትርፍ ነው። ባለፈው ዓመት ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ በቃ። ኪሳራ ሲመጣ ግን «አመዛዘኔን እዩልኝ» ይባላል። ትርፍ በውጤት፣ ኪሳራ በአሠራር! እንዲህ ያለ ሚዛን ገበያ ላይ ያመጣ እህል ነጋዴ በቁና አይደለም በድንጋይ ነው የሚሸኘው። ፍልስፍናው ትክክል ነው እንበል፤ ትክክል ከሆነ ግን ለሁለቱም ወገን ይሥራ። በአሠራርህ ልትፈረድ ከፈለግህ በአሠራርህ ተከፈል። በውጤት ከተከፈልህ ደግሞ በውጤት ተጠየቅ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የሶፎክለስን «ንጉሥ ኤዲፐስ» ባነሣሁ ቁጥር ተማሪው ለሁለት ይከፈል ነበር። አባቱን የገደለው፣ እናቱን ያገባው ሳያውቅ ነው። «አላወቀም፣ ስለዚህ ጥፋተኛ አይደለም» የሚለው ወገን ሁልጊዜ ይበዛል። ክርክሩ ሲጋጋል ግን ከወደ ኋላ አንዱ ብድግ ብሎ «ከተማው ውስጥ ቸነፈር አለ እኮ!» ይላል። ጨዋታው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ሰዉ እየረገፈ ነው፤ የሚረግፈውም በሱ ሰበብ ነው። ኤዲፐስ «አላወቅሁም» ማለት ይችል ነበር፤ እውነቱንም ነበር። እሱ ግን ምርመራውን ራሱ ጀመረ፤ ምርመራው ወደ ራሱ ሲያመራም አላቆመም። ባወቀ ጊዜ ዕዳውን የኔ አለ።

ማንም ዓይኑን ያጥፋ አልልም፤ የግሪኮች ነገር ከመጠን ያልፋል። የኛ ሽማግሌዎች በዚህ ረገድ ይሻላሉ። በብዙ አካባቢ ባለው የዕርቅ ሥርዓት ሳያስብ ሰው የገደለም ካሣ ይከፍላል። «ሳላስብ ነው» ማለቱ ጥፋቱን ያቀልለታል እንጂ ዕዳውን አያጠፋለትም። ጥፋትና ዕዳ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሽማግሌው ያለ ዩኒቨርሲቲ ያውቃል። «ሁላችንም አላየንም» የሚለው ቃል የሚጎድለው እዚህ ጋ ነው። ጥፋቱን ለሁሉም ሲያከፋፍል ዕዳው ባለቤት ያጣል። ደግሞስ ሁሉም አላየም ይባል ይሆን? ወይዘሮ ቦርን አይተው ነበር። የመርማሪው ኮሚሽን አብላጫ ድምፅም በ2011 ባወጣው ሪፖርት ቀውሱ ሊቀር ይችል ነበር ብሏል።

ታዲያ ከባንክ ወደ መንግሥት፣ ከመንግሥት ወደ ኩባንያ የሚመላለስ ሁሉ ይወገዝ ነው ወይ? አይደለም። ለዚህ ሌላ አሜሪካዊ አሉልን፤ ፖል ቮልከር። ሁለት ሜትር የሚደርስ ቁመት፣ አፋቸው ላይ ሲጋር። ከቼዝ ማንሃተን ባንክ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ወደ ኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ሄዱ። በ1979 የመላው ማዕከላዊ ባንክ ሊቀ መንበር ሲሆኑ ደመወዛቸው በግማሽ ገደማ ቀነሰ፤ ዋሽንግተን ውስጥ ተማሪ የሚበዛበት ሕንጻ ላይ ትንሽ አፓርታማ ተከራይተው ኖሩ። የዋጋ ንረቱን ለማውረድ ወለዱን ሰማይ ሰቀሉት። በ1982 መጨረሻ ሥራ አጡ ከ10 በመቶ በላይ ሆነ። ገበሬዎች በትራክተር መጥተው መሥሪያ ቤታቸውን ከበቡ፤ ቤት ሠሪዎች የእንጨት ቁራጭ በፖስታ ላኩላቸው። ዋጋ ተረጋጋ፤ ያንን ያወረደው መዶሻ ግን በድሃውም ላይ አርፏል።

ቮልከርም በ1987 ከወረዱ በኋላ ወደ ግል የኢንቨስትመንት ቤት ገብተዋል፤ ሠርተው በልተዋል፤ ነውርም አይደለም። ልዩነቱ ስማቸውን ያዋሉበት ነው። በ1996 በናዚ ዘመን ያለቁ ሰዎች በስዊስ ባንኮች ያስቀመጡትን ገንዘብ የሚያፈላልገውን ኮሚቴ መሩ። በ2004 የተባበሩት መንግሥታትን «ዘይት ለምግብ» ቅሌት መረመሩ። ከቀውሱ በኋላ፣ ሰማኒያን ካለፉ በኋላ፣ ባንኮች በሕዝብ ተቀማጭ ጀርባ ለራሳቸው ቁማር እንዳይጫወቱ የሚከለክል ደንብ ይውጣ ብለው ተሟገቱ፤ በ2010 ሕግ ሆኖ ስማቸው ተሰጠው። ባንኮቹ ደስ አላላቸውም። ያደጉበትን ሰፈር በስማቸው ተናገሩት ማለት ነው። በ2019 ሲሞቱ ያ ስም ገና አልተሸጠም ነበር።

«ይህ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው፣ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። እዚህ አገር ባንኮች በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የውጭ ባንክ እንዲገባ የሚፈቅድ አዋጅ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጸድቋል። በዚያው ዓመት የአክሲዮን ገበያ ተከፍቷል። የሚመጡት ባንኮች የአገሩን በር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። በሩን ከሚያውቁት ደግሞ ግንባር ቀደሞቹ ትናንት በሩን የሚጠብቁት ናቸው። ጥሩ ባለሙያ ወደነሱ ቢሄድ አልቃወምም፤ በመንግሥት ደመወዝ ዕድሜውን ይጨርስ ብዬ አልፈርድበትም። ነገር ግን በሩ ላይ ቆሞ ሳለ ነገ የሚቀጥረኝ ማን ይሆን እያለ ማሰብ የጀመረ ዘበኛ፣ ማንም ጉቦ ሳይሰጠው ዓይኑ ይለዝባል። ወንጀል አይደለም፤ ራሱም ላያውቀው ይችላል። ክፋቱ ይኸው ነው። የጉቦ ሕግ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው የተሰጠ ወይም ቃል የተገባ ነገር ነው፤ እዚህ ግን የተሰጠ የለም፣ ያለው ተስፋ ብቻ ነው። ተስፋን ደግሞ በየትኛው አንቀጽ ትከስሰዋለህ?

ስለዚህ ደንብ ያስፈልጋል፤ ከሹመት የወረደ የሚቆይበት ጊዜ በግልጽ ይቀመጥ፣ የተደወለው ስልክ ይመዝገብ። ደንብ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ክሊንተን እንዳደረጉት ባወጣው እጅ ይሻራል። ከደንቡ ጀርባ አንድ የጋራ እምነት መኖር አለበት፤ አመኔታችንን የተሸከመ ሰው ከወንበሩ ቢነሣም ከአደራው አልወረደም የሚል። ተረቷ ሽረት ብላ የምትጠራው ነገር ለወንበር እንጂ ለአደራ አይሠራም። ሹሙ የወንበሩን ቁልፍ በር ላይ ያስረክባል፤ ስሙን ግን ይዞት ይሄዳል፤ እኛም በየደረሰበት «ያ ያመንነው ሰው» እያልን እናምነዋለን። ይህን እያወቀ የሚበላ ሹም ሲሾም አልበላሁም ብሎ ሊመጻደቅ አይችልም። የበላው ያን ጊዜ የተቀመጠለትን ነውና።